መጀመሪያ ሜትር፣ ከዚያ ደብዳቤ

አዳማ ውስጥ ባለፍኩበት ቁጥር አንገቴን የሚያዞረኝ አንድ ቪላ ነበር። ክብ በረንዳ፣ የቴራዞ (ጠጠር በሲሚንቶ ተለውሶ የሚለሰልስ ንጣፍ) ደረጃ፣ ከመስኮቶቹ በላይ ፀሐይ የሚከልል ቀጭን የሲሚንቶ ክንፍ። በ1950ዎቹ እንደተሠራ የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት ነግረውኛል።

የአዲስ አበባዎቹ የዚያ ዘመን ሕንፃዎች አባታቸው ይታወቃል። አፍሪካ አዳራሽን (1953) እና ማዘጋጃ ቤቱን (1957) የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ መዘዲሚ ነው። ክቡን የንግድ ባንክ ሕንፃ ደግሞ ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜት። የእኛውስ ቪላ የማን እጅ ነው? ይሄን ለማወቅ ነው የተነሳሁት።

የባለቤቷ ፈቃድ አንድ ስኒ ቡና ነው የፈጀው። «እስክትጠግብ እየው ልጄ» አሉኝ። ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ግን አልለካሁም! ዋናው ፕላን ከተገኘ መለካት ምን ያደርጋል ብዬ፣ ጥቂት ፎቶ አንስቼ ወጣሁ።

መዝገብ ቤት ሄድኩ። «ደብዳቤ ያምጡ።»

«ከማን?»

«ከሚመለከተው አካል።»

የሚመለከተኝ እኔው ነኝ ብል ማን ይሰማኛል። ጓደኛዬ ከመሥሪያ ቤቱ አጻፈልኝ። ማህተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም ተብሎ ተመለሰ። እንደገና አጻፍን። ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ነው። ቀጥሎ መስክ ወጥቷል። ቀጥሎ ፋይሉ በማን ስም እንደተከፈተ አይታወቅም። በሰባተኛው ሳምንት በሲባጎ የታሰረ ፋይል ወጣልኝ። ውስጡ የግብር ደረሰኝና የቦታው ንድፍ ያለበት አንድ ወረቀት ብቻ! የቤቱ ፕላን የለም፣ የነዳፊው ስምም የለም።

በማግስቱ ሜትሬን ይዤ በባጃጅ ገሰገስኩ። ግቢው በቆርቆሮ ታጥሯል። ልጆቻቸው ሸጠውት ኖሯል። አንድ የቀን ሠራተኛ የቴራዞውን ደረጃ በመዶሻ እየፈለጠ ነው፤ ነጭና ጥቁር ጠጠሩ አቧራ ላይ ተበትኗል። ስልኬን ሳወጣ ጥበቃው «ፎቶ ክልክል ነው ወንድሜ» አለኝ።

ሰው «መጀመሪያ ደብዳቤ ያዝ» ይላችኋል። አትስሙት። ባለቤቱ ከፈቀደ በዚያው ቀን ሜትር ዘርጉ። የደረጃውን ከፍታ፣ የመስኮቱን ስፋት፣ የክንፉን ውፍረት ጻፉ። ፎቶ ስታነሱ ሜትሩን አጠገቡ አቁሙት፤ የእኔ ፎቶዎች መጠን አይናገሩም። መዝገብ ቤቱ የትም አይሄድም፣ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

እኔ ጋ የቀረው ስድስት ፎቶና መሳቢያዬ ውስጥ ያለ አንድ የቴራዞ ስባሪ ነው። ከክንፉ ጥላ ተነስቼ የመስኮቱን ስፋት ላሰላ ሞክሬ ነበር፤ በየፎቶው የተለያየ ቁጥር ይመጣብኛል።