የአጎቴን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩበት መንገድ

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የወጡ የአማርኛ ዘፈኖችን ለመስማት ዛሬ ካሴት አያስፈልግም፤ ዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል። አጎቴ ደሴ ፒያሳ የነበራቸውን አነስተኛ ሙዚቃ ቤት ከዘጉ በኋላ የተረፉትን ካርቶኖች ስከፍት ግን ዩቲዩብ ላይ የማይገኘው ወረቀቱ እንደሆነ ገባኝ። ሽፋኑ ላይ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን፣ አጃቢው ባንድ ማን እንደሆነ ተጽፏል። ስልክ ላይ የሚዞረው ቅጂ የሚይዘው የዘፋኙን ስም ብቻ ነው፣ እሱም አንዳንዴ የተሳሳተ። የሮሃ ባንድን ነገር እዩት፦ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ፣ የሰላም ሥዩም ጊታር፣ የዳዊት ይፍሩ ኪቦርድ የዚያን ዘመን ጆሮ ሠርተውታል፤ ዘፈኑን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ግን ስማቸውን ሲጠየቅ ዝም ይላል።

ስለዚህ ሥራውን የጀመርኩት ከድምፁ ሳይሆን ከሽፋኑ ነው። እያንዳንዱን ካሴት ሳላጫውት በፊት የሽፋኑን ፊትና ጀርባ፣ የካሴቱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አነሳሁ። ጀርባውን ማንሳቴ ያልጠበቅሁትን ነገር አስገኘልኝ። አጎቴ በእርሳስ “ሠ”፣ “ጠ”፣ “ሹ” እያሉ ምልክት አድርገውባቸዋል። ስጠይቃቸው ሳቁ። “ሠ ለሠርግ፣ ጠ ለጠጅ ቤት፣ ሹ ለሹፌር። ሹፌር ሲመጣ ምን እንደምሰጠው ማሰብ የለብኝም” አሉኝ። ያኔ የአሰብን መንገድ ሌሊት የሚነዳ ሰው እንዳይተኛ ፈጣን ነገር ይፈልግ ነበር፤ ጠጅ ቤቱ አምባሰልና ባቲ ይል ነበር። ሁለቱም ቅኝቶች ስማቸውን ከወሎ ያገኙ ስለሆኑ ደሴ ላይ እነሱን ሳይዙ ሱቅ መክፈት ዘበት ነበር። በየትኛውም መዝገብ የማይገኝ የአድማጭ ታሪክ በሦስት ፊደል ተጽፎ ተቀምጧል።

ከካሴት በፊት ሸክላ ነበር። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ስለነበር ሌላው ሰው አይደፍረውም፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው የሙዚቃ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ግን ደፈረው፣ በዓለማየሁ እሸቴም ጀመረ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላም ሊባኖስ እየታተመ ይመጣ ነበር። የሸክላ ማጫወቻ ግን መብራትና ደህና ቤት ይፈልጋል። ባትሪ የሚበላ ቴፕ ሲመጣ ዘፈን የጭነት መኪና ላይ ወጣ፣ ገጠር ገባ። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ ደግሞ ሌሊቱ ተዘጋ። አዲስ አበባ ሂልተን ዋልያስ ባንድን ሊሰማ የገባ እንግዳ ወይ በጊዜ ይወጣል፣ ወይ እስኪነጋ ሲጨፍር ያድራል። ለሌላው ሕዝብ የቀረው የምሽት ክበብ ካሴት ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዕቃው። ያገለገለ ግን በደንብ የሚሠራ የካሴት ዴክ ገዛሁ፤ በዩኤስቢ የሚሰኩት ርካሽ ማጫወቻዎች ፍጥነታቸው ስለሚዋዥቅ አይረቡም። ከዴክ ወደ ድምፅ ማስገቢያ ካርድ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር። ፕሮግራሙ ነፃው አውዳሲቲ ነው። የምቀዳው በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ የአንድ ሰዓት ካሴት እንዲህ ሲቀዳ አንድ ጊጋባይት ያህል ይይዛል፣ ፍላክ በሚባለው ፎርማት ሲታመቅ ደግሞ ወደ ግማሹ ይወርዳል፤ ከጥራቱ ምንም አይጎድልም። ኤምፒስሪ ለጓደኛ መላኪያ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ልዩነት ያመጣችው ሄዱ አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ብሎን ናት። ሄድ የሚባለው ክሩን የሚያነበው ክፍል ነው። ካሴቱ የተቀዳበት ማሽን ሄድ ትንሽ ዘንበል ያለ ከሆነና የእኔው ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ከፍ ያለው ድምፅ ሁሉ ይታፈናል፤ የድራሙ ጸናጽል ይጠፋል፣ የማሲንቆው ጭረት ይደበዝዛል። ሙዚቃ ቤቶች በየራሳቸው ማሽን ያባዙ ስለነበር ዘንበል ማለቱ ከካሴት ካሴት ይለያያል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገጽ ድምፁን ሞኖ አድርጌ (የግራውንና የቀኙን አንድ ላይ ደርቤ) እየሰማሁ ብሎኗን በጣም በቀስታ አዞራለሁ፤ ጸናጽሉ ጥርት የሚልበት ቦታ ላይ አቆማለሁ። ብዙ ሰው “ካሴቱ አርጅቷል” ብሎ የሚጥለው ድምፅ በዚህች ብቻ ሲነቃ ሰምቻለሁ።

ጽዳቱ ቀላል ነው፦ ሄዱንና ክሩን የሚጎትተውን ጎማ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ጥረግ፣ ሻጋታ ያለበትን ካሴት ለብቻው አስቀምጥ። ክሩን ከሄዱ ጋር የሚያስጠጋው ትንሹ ስፖንጅ ሙጫው ደርቆ ከወደቀ፣ በብሎን የሚከፈት ሌላ ካሴት ፈልገህ ክሩን ወደዚያ አዛውር። 90 ደቂቃ የሚይዘው ካሴት ክሩ ከ60ው ስለሚቀጥን በፍጥነት አትጠቅልለው።

ፍጥነቱ ግን ሰፋ ያለ ወሬ ይፈልጋል። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ማባዣው ማሽን ስድስት በመቶ ያህል ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ይዛባል። ቅኝቱ አይለወጥም፣ ትዝታው ትዝታ ሆኖ ይቀራል፤ የዘፋኙ ድምፅ ግን ይቀጥናል ወይ ይጎረንናል፣ የጭፈራውም ልክ ይለወጣል። ኪቦርድ ያለበት ዘፈን ከሆነ ዘዴ አለው፤ ፋብሪካ የቃኘውን ኪቦርድ ድምፅ ከማስተካከያ መተግበሪያ ጋር አስተያይቼ ፍጥነቱን እመልሳለሁ። ክራርና ማሲንቆ ብቻ ያለበትን ግን አልነካውም። ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ ስለሆነ ትክክለኛው ልክ የት እንደነበር ከኮምፒውተር አይገኝም።

የክሩን ሹክሹክታ፣ ከዘፈኑ ሥር “ሽሽ” የሚለውን ድምፅ፣ ማጥፋትስ? ዋናው ቅጂ ላይ በጭራሽ አላጠፋም። ሹክሹክታውን የሚበላ ማጣሪያ የሳክስፎኑን ትንፋሽም ይበላል። የፈለገ ሰው ከዋናው ላይ ሌላ ቅጂ ያውጣና ያጥራ።

ሽፋን የሌላቸው ካሴቶች ዘንድ ስደርስ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ፣ ጥያቄውም ጥበብ ይፈልጋል። “ይህ ዘፈን የማን ነው?” ሲባል ሰው የዘፋኙን ስም ይነግርሃል፣ ያበቃል። የድሮ የባንድ ሰው አግኝቼ “ሳክስፎኑን የሚነፋው ማን ነው?” ስል ግን ጨዋታው ይከፈታል፤ አነፋፉን ሰምተው “እሱማ ፈቃዱ ነው” ይላሉ፣ የት እንደተቀዳ፣ ከበሮው ለምን እንደዚያ እንደራቀ ያስታውሳሉ። ሁለት ሰው ለየብቻው ያረጋገጠውን ስም እጽፋለሁ፤ አንድ ሰው ብቻ ያለውን “ተብሏል” ብዬ አስቀምጣለሁ።

ከካሴቶቹ መካከል ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የሰው ድምፅ የሚመጣባቸው አሉ። ያኔ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ደብዳቤ በካሴት ይላክ ነበርና፣ እናት ለልጇ ስለ ከብቱና ስለ ሠርጉ እያወራች በመሃል “ይህቺን ስማት” ብላ ዘፈን ታስገባለች። አጎቴ እንዳሉኝ አንዳንዱ ሰው መልእክቱን ሱቅ ድረስ መጥቶ ያስቀዳና ቀሪውን በምርጥ ዘፈኖች አስሞልቶ ወደ ጅዳ ይልክ ነበር። እነዚህን ከሙዚቃው ጋር አልደባለቅኋቸውም። ባለቤቱ የታወቀውን ለቤተሰቡ ሰጠሁ፤ ያልታወቀውን ሳላሰማ አስቀምጫለሁ።

“ለምን ኢንተርኔት ላይ አትለቃቸውም?” የሚለኝ ብዙ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን ጥቅም ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ የእነዚህ ዘፈኖች ገጣሚዎችና ዜመኞች ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። የአጎቴ ሱቅም ቢሆን እያባዛ ይሸጥ እንደነበር አልደብቅም፤ ያኔ ሁሉም የሚያደርገው ነበርና እሳቸውም አይክዱትም። እኔ የምለቀው የሽፋን ዝርዝሩን ነው፦ ማን ጻፈ፣ ማን ዜማ ሰጠ፣ ማን አቀናበረ፣ ማን ተጫወተ። ድምፁን ለመስማት የሚጠይቀኝ የሙዚቃ ተማሪ ቤት መጥቶ ይሰማል። ከሥራው ባለቤቶች መካከል የራሱ ቅጂ የጠፋበት ካለ ፋይሉን እሰጠዋለሁ፤ እስካሁን ሁለት ዜመኞች ወስደዋል፣ አንደኛው ከቅንብሩ ላይ የተዘለለውን ስሙን አስሞልቶኝ ሄዷል።