መቅሰስ ሲበላሽ

አሥር ሰዓት ሲሆን ምሳ ከሆድ ጠፍቷል፣ የራት ድስት ገና አልተጣደም። በዚህ መሃል የሚበላው መቅሰስ ይባላል። ስሙ ትንሽ ነገር ያስመስለዋል እንጂ ለልጅ የቀኑ ትልቁ ማዕድ እሱ ነው። ምሳና ራት «እጅህን ታጠብ፣ ዝም ብለህ ብላ፣ ጨርስ» የሚባልባቸው ናቸው። መቅሰስ ግን ኪስ ይገባል፣ በሩጫ ይበላል፣ ለጓደኛ በብድር ይሰጣል፣ ብድሩም አይመለስም።

መቅሰስ አንድ የሚገርም ጸባይ አለው። እያንዳንዱ ዓይነት የሚበላሽበት የታወቀ ቦታ አለ፤ ልጆች የሚሻሙት ደግሞ ያንኑ የተበላሸውን ነው። ባለሙያዋ «ይሄስ አልሆነም» ብላ ዳር ያደረገችው መጀመሪያ ያልቃል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በትክክል መሥራት ለሚፈልግም፣ ያንን የድሮ ጥፋት ሆን ብሎ መድገም ለሚፈልግም ይሆናል።

ዳቦ ቆሎ ሲያዩት ቀላል ነው። 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ (ለልጅ ግማሹ ይበቃል)፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ። እርሾ አያስፈልገውም። ዘይቱ ውሃ ከመግባቱ በፊት ከደረቁ ዱቄት ጋር በመዳፍ ይታሻል፤ ብዙ ሰው የሚዘላት ይህችን ነው። ዘይት የለበሰ ዱቄት ውሃ ሲነካው እርስ በርሱ ብዙ አይያያዝም፣ ሲደርቅም ጥርስ ሥር ፍርክስ ይላል። ዘይትና ውሃ አንድ ላይ ከተጨመሩ ግን ሊጡ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ዳቦ ቆሎውም ጠጠር ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ለእንግዳ ከማቅረብ ለወንጭፍ ማዋል ይሻላል።

ሊጡ ጠንከር ብሎ ይታሽና በጨርቅ ተሸፍኖ 30 ደቂቃ ያርፋል። ካላረፈ፣ ሲጎትቱት ይረዝምና ሲለቁት ተመልሶ ይሰበሰባል። ከዚያ በመዳፍ እየተሸራሸረ እንደ እርሳስ የቀጠነ ገመድ ይሆናል። ልጆች «ለእገዛ» የሚጠሩት እዚህ ላይ ነው። የልጅ ገመድ መሃሉ ወፍራም፣ ጫፉ የአይጥ ጭራ ነው፤ ጭራው ያርራል፣ ሆዱ ሳይደርቅ ይቀራል። ገመዱ ጥፍር በምታህል መጠን በቢላ ወይም በመቀስ ይቆረጥና ዱቄት ይነሰነስበታል። በብረት ምጣድ ከሆነ በመለስተኛ እሳት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፣ እጅ ሳያርፍ ይታመሳል። በኦቭን ከሆነ በ170 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ በየ10 ደቂቃው ትሪው እየተናወጠ።

መድረሱን ለማወቅ አንዷን አውጥቶ ማቀዝቀዝ ነው። ትኩስ ዳቦ ቆሎ ሁልጊዜ ለስላሳ ስለሚመስል «ገና ነው» እያሉ የሚያሳርሩት ብዙዎች ናቸው። ሲወጣ ሰፌድ ላይ ይሰጣል፤ ፍጹም ሳይቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ ከተከደነ የራሱ እንፋሎት ያለሰልሰዋል። ከለሰለሰም ተስፋ አይቆረጥም፣ በ150 ዲግሪ 10 ደቂቃ መልሶ ያደርቀዋል።

የዳቦ ቆሎ ጥፋት «መንታ» ነው፦ ሁለት ሦስት ሆነው ተጣብቀው የቀሩት። ውጫቸው ደረቅ፣ የተጣበቁበት ቦታ ላይ ግን ትንሽ የሚታኘክ ነገር አለ። ሳህን ውስጥ እጅ ሲገባ በዳበሳ የሚፈለገው መንታ ነው፤ ያገኘው ሰው ድምፁን አያሰማም። ምክንያቱ ከተቆረጠ በኋላ ዱቄት አለመነስነሱ ብቻ ነው። መንታ የሚፈልግ ከሊጡ ሩብ ያህሉን ሳይነሰንስ ምጣድ ላይ ያድርገው። ዱባይም ሆነ ዋሽንግተን ለሚኖር ዘመድ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ከበርበሬውና ከሽሮው ተለይቶ በድርብ ላስቲክ ይታሰር፤ ደረቅ ነገር ሽታ ይስባል። የበርበሬ ጠረን ይዞ ሲደርስ ደስ የሚላቸው እንዳሉም ይታወቃል።

ቦምቦሊኖ ሌላ ታሪክ ነው። ስሙም ዘሩም ከጣሊያኖቹ ቦምቦሎኔ ነው፤ በመስታወት ሣጥን ተደርድሮ መንገድ ዳር ከቆመ በኋላ ግን የኛ ሆኗል። የሚበላሸውም በኛ አገር በተለየ ምክንያት ነው።

መጠኑ ይህ ነው፦ 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 80 ግራም ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 1 እንቁላል፣ 50 ግራም ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት፣ ከ230 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ የሎሚ ልጣጭ ወይም ቁንጥር ሄል። 10 ደቂቃ ይታሻል። ሲጀመር እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ያኔ ዱቄት መጨመር ነው ትልቁ ስህተት። መታሸቱን ሲቀጥል ራሱ ይላቀቃል፤ ዱቄት የተጨመረበት ግን ሲበርድ እንጨት ይሆናል።

የፈረንጅ መመሪያ ብዙውን ጊዜ 7 ግራም እርሾና አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ በቀላሉ ይነፋል፣ ሊጡም ቶሎ ኩፍ ይላል። ሰዓቱን የሚጠብቅ ሰው ሊጡ አልፎበት ያገኘዋል። ያለፈበት ሊጥ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይተኛል፣ ዘይትም ይጠጣል። ስለዚህ እርሾውን ቀንሶ ከሰዓቱ ይልቅ ጣትን ማመን ነው፦ ሲጫኑት ጉድጓዱ በዝግታ፣ በከፊል ከተመለሰ ደርሷል። ወዲያው ፈንጠር ብሎ ከተመለሰ ገና ነው፤ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል።

50 ግራም፣ 50 ግራም ተድበልብሎ፣ መሃሉ ተበስቶ ወይም ሳይበሳ፣ ሌላ 25 ደቂቃ ያርፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ዘይቱ ነው፣ ጥፋቱም የሚወለደው እዚህ ነው።

ባሕር ጠረፍ ላይ የተጻፈ መመሪያ ዘይቱን 175 ዲግሪ አድርጉት ይላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሊጡ ልብ ደግሞ ውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ውጩ በ175 ዲግሪ በፍጥነት እየቀላ ልቡ በዝቅተኛ ሙቀት ይጎተታል፤ ሲያወጡት ከላይ የተወለወለ ነሐስ፣ ከውስጥ ሊጥ ነው። መፍትሔው በየ300 ሜትሩ ከፍታ የዘይቱን ሙቀት በ1.6 ዲግሪ ገደማ መቀነስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 162 ይወርዳል፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች 168 ወይም 169 ይበቃታል። ያ ሁሉ ሰው «ምን አጠፋሁ?» ሲል የኖረው ያለ ጥፋቱ ነው፣ ያጠፋው ተራራው ነው።

የሙቀት መለኪያ ለሌለው፦ ጥፍር የምታህል ሊጥ ዘይቱ ላይ ጣል ማድረግ። ታች ተኝታ ከቀረች ዘይቱ ገና ነው። በገባችበት ቅጽበት ፈልታ በጥቂት ሰከንድ ከጠቆረች አልፏል። ወርዳ ቀስ ብላ ብቅ ካለችና ዙሪያዋን በስሱ ከተንቸሰቸሰች ጊዜው ነው። በአንድ ጊዜ ከአራት በላይ አይገባም፤ ብዙ ቀዝቃዛ ሊጥ ዘይቱን ያበርደዋል። በአንድ ጎን 2 ደቂቃ ያህል። በደንብ ኩፍ ያለ ቦምቦሊኖ ዘይቱ ላይ ስለሚንሳፈፍ ወገቡ ላይ ነጭ መቀነት ይታጠቃል። መቀነት የሌለው ሳይነሳ የተጠበሰ ነው። ስኳሩ ደግሞ ለብ ሲል ይነስነስበት፤ በትኩስነቱ ከሆነ ይቀልጥና እጅ ያጣብቃል።

ታዲያ ልጅ የሚፈልገው የትኛውን ነው? ልቡ ያልበሰለውን። ሲገምጡት የሚለጠጠው፣ ጣት ላይ የሚጠቀለለው ጣፋጭ ሊጥ ለብቻው ተቆጥቦ መጨረሻ ላይ ይበላል። ሆኖም ጥሬ ዱቄትና ጥሬ እንቁላል ሆድ ያውካልና ይህን ጥፋት እንዳለ ድገሙት ማለት አይቻልም። ማታለያ ግን አለ። ሲድበለበል መሃሉ ላይ የሻይ ማንኪያ ማርማላታ ከትቶ መዝጋት ነው። ማርማላታው ዙሪያውን ያለውን ሊጥ ስለሚያርሰው በስሎም ያልበሰለ ይመስላል። አፉ ካልተቆነጠጠ ግን ዘይት ውስጥ ይፈነዳል።

ስለ ሳምቡሳ ብዙ አይባልም፦ ምስሩ ደርቆ፣ ቀዝቅዞ ካልገባ ይቀደዳል። የተቀደደው ደግሞ ምስሩ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ ስለሚንኮሻኮሽ ከደህናው ይሻላል።

ወደ በሶ ስንመጣ እሳት የለም። ገብሱ ታምሶ፣ ተሸክሽኮ፣ ተቆልቶ ስለተፈጨ ሥራው አልቋል፤ ለዚህም ነው እናት ቤት በሌለችበት ሰዓት የልጆች ሁሉ ወጥ ቤት በሶ የሆነው። ፊደል የቆጠረ ሁሉ በሶ በላተኛውን አበበን ያውቀዋል፤ አበበ ግን እንዴት እንደበጠበጠው ማንም አልነገረንም። ለአንድ ብርጭቆ 3 የሾርባ ማንኪያ በሶ ይበቃል። ውሃው ሁሉ አንዴ አይፈስበትም፤ መጀመሪያ 4 ማንኪያ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ እንደ ቅባት እስኪሆን መፈተግ፣ ከዚያ ማቅጠን፣ መጨረሻ ማር ወይም ስኳር። ሙቅ ውሃ ከሆነ የእያንዳንዷ እብጠት ውጭ ወዲያው ይለጠፍና ውስጧ ደረቅ ዱቄት ተቆልፎባት ይቀራል። ይህች እብጠት የበሶ መንታ ናት። ጥርስ ሲነክሳት ፍንድት ትልና አፍ በደረቅ በሶ ይሞላል፣ ያኔ የሚያስቅ ነገር የተናገረ ወዳጅ ጠላት ነው። ነጭ ደመና በአፍንጫ ይወጣል።

ጭብጦ ለሚፈልግ 2 የሻይ ብርጭቆ በሶ፣ ትንሽ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፤ ጎደለ ሲል በጠብታ መጨመር። በሶ ውሃ የሚጠጣው በዝግታ ስለሆነ 5 ደቂቃ ሳይጠብቅ ውሃ የሚጨምር ሰው ጭብጦ ጀምሮ ገንፎ ይጨርሳል። ውሃው በነጠረ ቅቤ ሲተካ ወደ ኦሮሞው ጩኮ ይጠጋል፤ እሱ ውሃ ስለሌለበት ቶሎ አይበላሽም፣ ልጅ ካላገኘው። ደረቅ በሶ ቅሞ የማፏጨት ውርርድ ግን ለትልልቆቹ ይተው፤ ሕፃን ልጅን ያንቀዋል።

ገብስ ከተነሳ ብቅልም አይቀርም። እኛ ቤት ብቅል ለጠላ ነው። እንግሊዞች ግን ልጆቻቸውን በብቅል ዳቦ አሳድገዋል፤ ማንችስተር የሚጋገረው ሶሪን የሚባለው በጣም የታወቀው ነው። ጥቁር፣ ዘቢብ የሞላበት፣ ቢላ ላይ የሚጣበቅ፣ በቅቤ ተቀብቶ ከሻይ ጋር የሚበላ። ለንደን ያለ አበሻ መጀመሪያ ሲቀምሰው «አልበሰለም» ይላል። ልክ ነው፣ እዚያም የሚወደደው ጥፋቱ ነው። ማንኛውም ዳቦ ጋጋሪ ውስጡ እንዲህ ሲጣበቅ ይደነግጣል፤ በዚህኛው ግን ካልተጣበቀ ነው የከሸፈው።

ቤት ለመሥራት፦ 250 ግራም ዘቢብና 150 ሚሊ ሊትር ወፍራም ትኩስ ሻይ፣ 150 ግራም የብቅል ሽሮፕና 80 ግራም ቡናማ ስኳር አንድ ላይ ተደባልቀው ይቀዘቅዛሉ። 2 እንቁላል፣ 250 ግራም ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይገባሉ። በ160 ዲግሪ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ። ከዚያ የሚከብደው ይመጣል፦ በወረቀት ተጠቅልሎ ሁለት ቀን ይቀመጣል። በዚያው ቀን ሲቆረጥ ተራ ኬክ ነው፤ እርጥበቱ ከመሃል ወደ ቅርፊቱ ሲሰራጭ ነው የሚጣበቀው። ሽሮፕ ጠፍቶ የጠላውን ብቅል ፈጭቶ የሚተካ ካለ ይጠንቀቅ። ፀሐይ ላይ የደረቀ ብቅል ኢንዛይሙ አልሞተም፤ ስታርቹን ወደ ስኳር መቀየሩን ሊጥ ውስጥም ይቀጥላል። ለግማሽ ኪሎ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ቀለምና ጣዕም ይሰጣል። እፍኝ ከገባ ግን የሚወጣው ዳቦ ሳይሆን ሙጫ ነው።

የቀረው ሻይ ነው። የልጅ ሻይ ግማሹ ስኳር ስለሆነ ቶሎ አይበርድም ብለው የሚከሱ አሉ፤ የሚበርደው በሁለት ብርጭቆ ከፍ ዝቅ እየተገለባበጠ ነው፣ ጠረጴዛው ድርሻውን ካገኘ በኋላ። ደረቅ ብስኩት ሲነከር ከሦስት ሰከንድ በላይ አይቆይ። ሻዩ ቀዳዳዎቹን ሞልቶ ብስኩቱን አያይዞ የያዘውን ስኳር ስለሚያሟሟው መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ይበጠሳል። አግድም የተነከረ፣ አንዱ ፊቱ ደርቆ ስለሚቀር፣ ትንሽ ይታገሣል። የሰጠመውን በማንኪያ ማጥመድ ብስኩቱን መበታተን ብቻ ነው፤ ይተው። ሻዩ ሲያልቅ ብርጭቆው ሥር የሚጠብቀው ወፍራም አተላ በማንኪያ ይበላል፣ ማንኪያው ካልደረሰ በጣት።