ያልተነካው ሌንስ

በእኛ ሙያ «ሌንሱ ሞቷል» የምትባል ፍርድ አለች። ሌንስ የምንለው ሲዲውን በጨረር የሚያነበውን ክፍል በሙሉ ነው። ሲዲ አላነብ ላለ ማጫወቻ ሁሉ የምትሰጠው እሷ ናት። ደንበኛው ገና ደጃፍ ላይ ሆኖ ይላታል። አንዳንዱ ጠጋኝም ክዳኑን ሳይከፍት ይደግማታል። እኔ ደሴ ውስጥ በምሠራበት ጥገና ቤት ግን «ሞቷል» ተብሎ ከሚመጣው ብዙው በሕይወት ያለ ነው። በእውነት ለሞተው ደግሞ ምትኩን የት መፈለግ እንዳለብን የገባን፣ አንድ ጡረተኛ መምህር ከኮምቦልቻ ዕቃቸውን ይዘው ከመጡ በኋላ ነው።

መምህሩ ድምፅ ላይ ቀልድ አያውቁም። ማጉያቸውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፣ በኤል.ኤም 3886 ቺፕ። የስፒከሩን ሣጥን ከዋንዛ ጣውላ አስጠርበዋል። ይዘውት የመጡት ዘመድ ከጅዳ ያመጣላቸውን የጃፓን ሥሪት ሲዲ ማጫወቻ ነው። ትዝታም ይሁን አምባሰል፣ መንዙማም ይሁን፣ አንዱን ሲዲ ያነባል፣ ሌላውን ይተፋል።

«ከሱ ድምፅ አልፈልግም፤ ሲዲውን በትክክል ያንብብልኝ እንጂ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ» አሉ።

አዲስ ሌንስም አብረው ይዘው መጥተዋል። ከአዲስ አበባ በሰው አስገዝተውት ነው። በላስቲክ የታሸገ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ግን ምንም ቁጥር ያልተጻፈበት። የእሳቸው ማጫወቻ የሚወስደው ኬ.ኤስ.ኤስ 210ኤ የሚባለውን የሶኒ ሌንስ ነው። ይኼኛው በመልኩ ቁርጥ እሱን ነው።

ያን ዕለት እኔ ለሥራ ወጥቼ ነበር። ዕቃውን የተረከበው አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ነው። እጁ ፈጣን ነው፣ ትዕግሥቱ ግን ገና ነው። አዲሱን ሌንስ ገጠመ፣ ሲዲ ከተተ፣ ምንም የለም። መብራት እንኳ አይታይም። ሌንሱ ጎን ላይ ጨረሩን የምታስተካክል ትንሽ ቮልዩም አለች። በጥቃቅን ጠመንጃ መፍቻ የምትዞር። ልጁ እሷን አዞራት። አሁንም የለም። እስከ መጨረሻዋ አዞራት። የለም። ደክሞት ለጓደኛው ደወለ። ጓደኛው «የመከላከያ ብየዳዋን አንስተሃል?» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረር አመንጪዋ ዳዮድ የሰውን የእጅ ኤሌክትሪክ አትችልም። ደሴ ላይ በብርዱ ወራት ሁላችንም ሹራብ ለብሰን ነው የምንሠራው። ሹራቡ ሲፋተግ ጣታችን ላይ የሚጠራቀመው ጥቂት ኤሌክትሪክ ዳዮዷን ሊገድላት ይበቃል፤ እኛ ሳይሰማን። ስለዚህ ፋብሪካው ሌንሱን ሲልከው ሁለቱን እግሮቿን በጠብታ ብየዳ አገናኝቶ ነው። ገመዱ ከተሰካ በኋላ ያቺ ጠብታ መነሳት አለባት። ካልተነሳች መብራቱ በአቋራጭ ያልፋል እንጂ ዳዮዷ ጋ አይደርስም።

ልጁ ጠብታዋን አነሳ። ችግሩ ቮልዩሟን ወደ ቦታዋ አለመመለሱ ነበር። መብራት ሲሰጠው ሌንሱ ቦግ አለ። አንድ ዘፈን አጫወተ፣ ያውም አሳምሮ። ልጁ ደስ ብሎት ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ ማጫወቻው ዝም ብሏል።

ተመልሼ ሳየው ሌንሱ ውስጥ ቀይ ነጥብ አሁንም ትታያለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከአቅሙ በላይ ተነድቶ የተቃጠለ ሌዘር ሙሉ በሙሉ አይጨልምም። ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ግን ሲዲ የሚያነብ ጨረር አይሆንም። ለነገሩ ጤነኛውም ቢሆን በዓይን ሲያዩት ደካማ ቀይ ነው፤ 780 ናኖ ሜትር ላይ ስለሚሠራ አብዛኛው ብርሃኑ ለዓይናችን አይታይም። አይታይም ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ፊት ለፊት አትዩት። እኔ በስልክ ካሜራ በጎን በኩል ነው የማየው።

መምህሩ ሲመጡ ልጁ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን «አብሽር ልጄ፣ እኔም አንድ ማጉያ አቃጥዬ ነው የተማርኩት» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አዲስ አልፈልግም አሁን። የድሮውን፣ የእውነተኛውን ፈልግልኝ» አሉ።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ የታየኝ አቋራጭ መንገድ ነበር። «ጋሼ፣ አሮጌ ዲቪዲ ዴክ ይውሰዱ። ኋላው ላይ ኮአክሲያል የምትል የዲጂታል መውጫ አለችው፤ ከሷ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ወደሚለውጥ የውጪ መቀየሪያ ይስባሉ፣ አለቀ» አልኳቸው። ይኼ በጣም ርካሹ ዘዴ ነው፣ ለሌላ ሰው ዛሬም የምመክረው እሱን ነው። እሳቸው ግን «አንድ ዘፈን ለመምረጥ ቴሌቪዥን ልክፈት? ኧረ በነቢ!» ብለው ሳቁብኝ።

የዲቪዲውን ሌንስ ብቻ ነቅሎ ሲዲ ማጫወቻ ላይ መግጠምም አይሞከርም። ዲቪዲ ሁለት ጨረር ነው ያለው፣ ለዲቪዲ 650፣ ለሲዲ 780። ገመዱም የእግሮቹ አደራደርም ሌላ ነው።

ስለዚህ ወደ ቆራሌዎቹ ወረድኩ። ሸዋ በር አካባቢ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚሰበስቡ የማውቃቸው ልጆች አሉ። ክምሩ መቼም የቪሲዲ ዴክ ነው። ቪሲዲ የሚያነበው በሲዲው ዓይነት ጨረር ስለሆነ ብዙ ሰው መለዋወጫ የሚፈልገው እዚያ ውስጥ ነው። እኔም ለሌላ ሥራ ወስጄ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን አስቡ። ያ ዴክ ዕድሜውን እንዴት አሳለፈ? ቪዲዮ ቤት ከነበረ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያነብ ኖሯል። ጫት መቃሚያ ቤት ከነበረም ከዚያ አይሻልም። ሠርግና ዒድ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት የቤት ዴክ ከተገኘ ዕድል ነው። ችግሩ ቆራሌው ጋ ሲደርስ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ማን ቤት እንደነበር አይናገርም።

ያኔ ነው ዓይኔ ጥጉ ላይ የተጣለ ትልቅ ቴፕ ላይ ያረፈው። ላዩ ላይ ሲዲ፣ ፊቱ ላይ ካሴት ያለበት። ከዐረብ አገር የሚመጣው ዓይነት። የካሴቱ በር ተገንጥሏል፣ ማጫወቻ ቁልፉ ጽሑፉ እስኪጠፋ ተበልቷል። አንቴናው የለም። ቆራሌው «ይኼማ ያለቀለት ነው» አለኝ።

የሲዲውን ክዳን ስከፍተው ውስጡ አዲስ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ሲዲ ዓለም ላይ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። እኛ ጋ ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት ዘፈኑም መንዙማውም የሚሸጠው በካሴት ነበር። ሲዲ ያለበትን ቴፕ የገዛው ሰው የገዛው ለክብሩ ነው፣ የሚያዳምጠው ካሴት ነው። ካሴቱ ክፍል አርጅቶ ሲሞት ሙሉ ዕቃው ተጣለ። ሌንሱ ግን ሥራ ሳይቀምስ ቀረ። የድሮ ኦሪጅናል ሌንስ፣ ያልተነካ፣ በብረት ዋጋ። ቆራሌው ፊት ላይ ደስታዬን እንዳላሳይ መቼም ተቸግሬያለሁ።

ጥገና ቤት አምጥቼ ስፈታው ኬ.ኤስ.ኤስ 210ኤ ነው። ለሚፈልግ ሰው፣ ኬ.ኤስ.ኤስ የሚለው ኮድ የሌንሱን ክፍል ብቻ ነው የሚጠራው፤ ኬ.ኤስ.ኤም የሚል ከሆነ ከነሞተሮቹና ከነሻሲው ነው። ኮዱን ሳያነቡ በመልክ መግዛት አደጋ ነው። ሳንዮ ኤስ.ኤፍ ፒ 101ኤን የሚባለው ለምሳሌ ባለ 15ም ባለ 16ም እግር አለ፤ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው።

ከመንቀሌ በፊት የመጀመሪያ ሥራዬ ብየዳ ነበር። ገመዱን ከመሳቤ በፊት ያችን የመከላከያ ጠብታ መለስኩላት። ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ ነው ያሳየሁት። ቮልዩሟንም አልነካናትም። እሷ የምትቀመጠው ሌንሱ ራሱ ላይ ነው፤ ፋብሪካው ለዚያች ዳዮድ ለክቶ አስተካክሏታል፣ ከሌንሱ ጋር አብራ ትሄዳለች። ሌላ ማጫወቻ ላይ ስለተገጠመ ብቻ የምትዞርበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ ጽዳት። የወሎ ቤት ሌንስ የራሱ ጠላት አለው፣ የዕጣን ጭስ። ቡና በተፈላ ቁጥር፣ ሀድራ በተቀመጡ ቁጥር፣ ጭሱ ማጫወቻው ውስጥ ይገባና እንደ ስስ ቅባት ይቀመጣል። ላይኛዋን መስታወት በጥጥና በንጹሕ አልኮል ማጽዳት ሁሉም ያውቀዋል። ከሥሯ ግን ጨረሩን ወደ ላይ የምታጥፍ አጋዳማ መስታወት አለች፤ እሷ ከቆሸሸች የላይኛዋ ብትብለጨለጭ ዋጋ የለውም። በየወሩ ከሚመጡልን «ሙታን» ብዙዎቹን የምናስነሳቸው እሷን በማጽዳት ነው። አሴቶን ግን ወዲያ! ላይኛዋ መስታወት የምንላት ፕላስቲክ ናት፣ ታበላሿታላችሁ። ሽቶ ያለበት አልኮልም ያው ቅባት ትቶ ይሄዳል።

ሌንሱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ያለው ግራሶ ደርቆ ሙጫ ሆኖ ነበር። ሳይሠራ የኖረ ዕቃ ዕዳው ይኼ ነው። የድሮውን ጠርጌ ጥቂት አዲስ ቀባሁ። የሲዲ ማዞሪያውን ሞተር የወሰድኩት ግን ከመምህሩ ማጫወቻ ነው፣ ጤነኛ ስለነበር። ሞተር መቀየር ግድ ከሆነ ሲዲው የሚቀመጥበትን ክብ ቁመት ከመንቀላችሁ በፊት ለኩ። ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ሌንሷ ትኩረቷን ፍለጋ ስትባክን ትኖራለች።

ሁሉን ገጥመን ጠብታዋን አነሳንና መብራት ሰጠነው። እዚህ ላይ እኔ ጆሮዬን ነው የማምነው። ደህና ማጫወቻ ቅደም ተከተል አለው። ሌንሱ ወደ መሃል ይጠጋል፣ ጫፍ ላይ ያለችውን ማብሪያ ይነካል፣ መስታወቷ ወደ ላይና ወደ ታች ትላለች፣ ከዚያ ሲዲው ይዞራል። ወደ መሃል ካልመጣ ማርሹን ወይም ማብሪያዋን እዩ። መስታወቷ ተንቀሳቅሳ ሲዲው ካልዞረ ጽዳቱንና ጨረሩን ጠርጥሩ። ዞሮ ዞሮ ካቆመ ሞተሩም ሊሆን ይችላል። «ሌንሱ ሞቷል» የሚባለው እነዚህ ሁሉ ተጠይቀው ሲያበቁ ነው።

ይኼ ዞረ። ከመሃል ሲነሳ በደቂቃ 500 ዙር ገደማ ነው፣ ወደ ዳር ሲሄድ ወደ 200 ይወርዳል።

ግን መዞሩ አልበቃኝም፣ ዕድሜውን ማወቅ ፈለግሁ። የድሮ ኦሪጅናል የሶኒ ሌንስ ጎን ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች። ሦስት አኃዝ ተጽፎባታል። ይኼኛው 452 ይላል። ዳዮዷ አዲስ ሳለች የምትወስደው 45.2 ሚሊ አምፔር ነው ማለት ነው። የመምህሩ ማጫወቻ ቦርድ ላይ ይኼ መብራት በ22 ኦም ተከላካይ ውስጥ ያልፋል። ሒሳቡ 0.99 ቮልት ይመጣል። ቴስተሩን አስነካሁ፣ 1.04 አለ። ከአዲስነቱ በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የጨመረው። ከ10 በመቶ ካለፈ ዳዮዷ እያረጀች ነው ብዬ አልሸጠውም ነበር። ያ ከአዲስ አበባ የመጣው ሌንስ ላይ ይቺ ወረቀት የለችም፤ ጤነኛ ይሁን በሽተኛ መጀመሪያውኑ በምን ይታወቃል?

የኤሌክትሪክ ማዕበልን በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦሲሎስኮፑ፣ ሌንሱ ከሲዲው የሚያነበውን ሳየው የአልማዝ ቅርጾቹ ጥርት ብለዋል፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ቮልት ገደማ። ቦርዱ ላይ የትኩረቷን ማስተካከያ ጥቂት ብቻ ነካሁ።

ውጪ አገር ያሉ ራስ-ሠር ድምፅ ወዳዶች ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያደንቁት የፊሊፕስን የድሮ ሜካኒዝም ነው፤ ሲዲኤም 1፣ ሲዲኤም 4፣ ሲዲኤም 9 የሚባሉትን። እነሱ ሐዲድ የላቸውም፣ ሌንሱ በክንድ ላይ ሆኖ በቅስት ይወዛወዛል። ቆንጆ ሥራ ነው። በእኛ በኩል ግን አይገኝም፤ ስለዚህ እሱን ስንመኝ ቴፑን ቆራሌ እንዳይወስድብን።

መምህሩ መጥተው እዚያው ቆመው የአንድ ሲዲ ሙሉ አምባሰል ሰሙ። በተለይ ድሮ የሚተፋባቸውን። ከሐረጎ መጠምዘዣ ሲወርዱ እንዳይንገጫገጭ ሌንሱን በወረቀት አስሬ ሰጠኋቸው፤ ቤት ደርሰው ሳይፈቱት መብራት እንዳይሰጡትም ነገርኳቸው። ሒሳብ ሲከፍሉ የተቃጠለውን ሌንስ ዋጋ ልቀንስ ብል እምቢ አሉ። «ይልቅ ሁለተኛ አግኝልኝ፣ መጠባበቂያ» አሉኝ።

አሁን እሳቸውም ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ሲወርዱ ካሴቱ ያለቀ ቴፕ ይፈልጋሉ። እኔም ሸዋ በር እፈልጋለሁ። ቆራሌዎቹ ነቅተዋል። ትናንት አንዱ የቴፑን የሲዲ ክዳን ከፍቶ ሌንሷን በጣቱ እያሳየኝ፣ «ይኼ'ኮ ያልተነካ ነው» ብሎ ዋጋውን እጥፍ ጠራብኝ።