አምስተኛዋ ድንጋይ

ዛሬ የሰባት ዓመቷ ልጄ ጉድ አደረገችን። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የምንሠራው የዳዊትና የጎልያድ ካርድ ከማተሚያ ቤት መጥቶ፣ 200 ፍሬ፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘርግተን በመቀስ እየቆረጥን ሳለ፣ «እማዬ፣ ዳዊት ከወንዝ የመረጠው አምስት ድንጋይ አይደል? እዚህ እኮ አራት ነው» አለችኝ። 1ኛ ሳሙኤል 17፥40ን ገለጥኩ። አምስት! ሥዕሉን የሣለው ወንድሜ፣ ያረመው ባሌ፣ እኔም (ደግሞ አስተማሪ ነኝ ባይ) ሁላችንም አይተን አሳልፈነዋል። ባሌ «አንዱን ወርውሮታል በሏቸው» ይላል። ዳዊት ገና ወንዙ ዳር ጎንበስ ብሎ እየለቀመ! እንደገና እንዳናሳትም የወረቀት ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ በማርከር አንዳንድ ድንጋይ እየጨመርን ነው። 130 ላይ ደርሰናል። ቡና ተጥዷል፣ እጁ ያልዛለ ጎረቤት ብቅ ይበል።