እርሙን ያላወጣ ቤት

ትናንት ማታ «ሶንግ ኦፍ ዘ ሲ» የተባለውን የአየርላንድ አኒሜሽን ፊልም ከሰባት ዓመቷ ልጄ ጋር ሆኜ ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። ስሙን ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «የባሕር ዜማ» ማለት ነው። ልጄ ተኝታለች፤ እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ተነሥቼ ይህን እጽፋለሁ።

ፊልሙ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 የወጣ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ቶም ሙር፣ የሠራው ደግሞ ኪልኬኒ በምትባል አነስተኛ ከተማ የሚገኘው ካርቱን ሳሉን የተባለው ስቱዲዮ ነው። ለኦስካር ታጭቶ ነበር፤ ሽልማቱን ግን በኮምፒውተር የተሠራው የዲዝኒ «ቢግ ሂሮ 6» ወሰደው። ያኛው በዓለም ዙሪያ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ፣ ይህኛው በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች 1 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም። ከማውቃቸው ወላጆች መካከል ፊልሙን ያየ አንድም ሰው አላገኘሁም፤ ይህም ከልቤ ያሳዝነኛል።

ታሪኩ የሚጀምረው በባሕር ዳርቻ፣ መርከቦችን በሚመራ የመብራት ማማ ውስጥ በሚኖር ቤተሰብ ነው። እናትየው ብሮና ሴት ልጇ በተወለደችበት ሌሊት ወደ ባሕር ሄዳ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት አልፏል፤ ልጅቷ ሲርሻ ግን እስከ ዛሬ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣም። ታላቅ ወንድሟ ቤን እናቱን ያሳጣችው እርሷ እንደሆነች በልቡ ስለያዘ ይጨክንባታል፤ አባታቸው ኮኖር ደግሞ ማማው ላይ ቆሞ ባሕሩን እያየ ይውላል። ብሮና በአየርላንድና በስኮትላንድ ተረት «ሴልኪ» ከሚባሉት ወገን ነበረች፤ ሴልኪ በባሕር ውስጥ አቆስጣ የተባለ የባሕር እንስሳ፣ ቆዳዋን አውልቃ ወደ የብስ ስትወጣ ደግሞ ሰው ናት። (አቆስጣን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው በኦሪት ዘጸአት ለድንኳኑ መደረቢያ ከታዘዘው ቁርበት ነበር፤ ሲዋኝና ሲጫወት ግን በዚህ ፊልም ሥዕል እንደ አዲስ ተዋወቅሁት።) ሲርሻም የእናቷ ልጅ ናት። ነጩን የአቆስጣ ካባዋን ካልለበሰች መናገር አትችልም፣ ሰውነቷም ቀስ በቀስ ይደክማል። አባትየው ሚስቱን እንዳጣ ልጁንም እንዳያጣ ሲል ያንን ካባ በሣጥን ቆልፎ ባሕር ውስጥ ይጥለዋል።

ለእንዲህ ያለው ቤት በእኛ ቋንቋ ስም አለው፤ እርሙን ያላወጣ ቤት ይባላል። ፈረንጆቹ ይህን ቃል ባያውቁትም ነገሩን ግን ከብዙዎቻችን በተሻለ ያውቁታል ብዬ የማምነው ማካ የምትባለውን ጠንቋይ ስላየሁ ነው። ልጇ ማክ ሊር የተባለው ግዙፍ ሰው የሚወደውን አጥቶ ሲያለቅስ እንባው ባሕር ሆነ። እናቱ ሥቃዩን ማየት ስላልቻለች ስሜቱን ሁሉ ወስዳ ድንጋይ አደረገችው፤ ከመብራት ማማው ፊት ለፊት እንደ ጎበጠ ሰው ባሕር ላይ የተቀመጠችው ደሴት እርሱ ነው። ማካ ለራሷም እንዲሁ ታደርጋለች። ኀዘን ወይም ንዴት ሲመጣባት በጠርሙስ ትከተውና ትከድነዋለች፤ ቤቷ በጠርሙስ ተሞልቷል፣ የገዛ አካሏም ግማሹ ድንጋይ ሆኗል። ስትናገር ግን ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ልጆቹን የምታባብለው ከልቧ አዝና ነው፤ ክፉ ሥራዋ ሁሉ ከእናትነት የመጣ ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ትንፋሼ ይያዛል። እናቴ ያረፈችው እኔ በሰው አገር የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነበር። ዘመዶቼ በእኔና በሆዴ ባለው ልጅ ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ብለው መርዶውን ደበቁኝ፤ የነገሩኝ ክርስትናው ካለፈ በኋላ ነው። በዚያን ቀን ጎረቤቶች ቤቴን ሞልተው «አይዞሽ፣ ወተትሽ እንዳይደርቅ፣ ለልጅሽ ስትይ ቻይው» ሲሉኝ ቻልኩት። ያደረጉት ሁሉ በፍቅር ነው፤ ዛሬም አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ማካ ጠርሙሷን ስትከድን የሚሰማውን ያንን ትንሽ ድምፅ አውቀዋለሁ።

ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ዝምድናውን በቃል አይነግሩንም። ልጆቹን ከባሕሩ ነጥላ ወደ ዋና ከተማው ወደ ደብሊን የምትወስደውን አያት ፊት ማካ ላይ ደግመው ሣሉት፤ የአባትየውን ፊትም ማክ ሊር ላይ ሣሉት። አያቲቱንና ማካን ተዋናይቷ ፊኑላ ፍላናጋን፣ አባትየውንና ማክ ሊርን ደግሞ ብሬንደን ግሊሰን በድምፃቸው ተጫውተዋቸዋል። ስለዚህ ተረቱና ቤቱ አንድ ታሪክ ናቸው። ልጄ ይህን ማንም ሳይነግራት «ይቺ እኮ አያታቸው ናት» ያለችው ገና በመጀመሪያው ቀን ሲሆን፣ እኔ ግን ያስተዋልኩት በሁለተኛው ነው።

ይህ የሆነው በእጅ በመሣሉ ይመስለኛል። የሲርሻ ፊት አንድ ክብ፣ ሁለት ዐይን ከነቅንድቡና አንዲት የአፍ መስመር ነው፤ ከዚያ የዘለለ ነገር ስለሌለው ቅንድቧ በትንሹ ከፍ ሲል እንኳ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የተናገረች ያህል ይሰማል። ከበስተኋላ ያለው ባሕርና ሰማይ በውኃ ቀለም የተነከረ ወረቀት ስለሚመስል፣ ዝናቡ የቀለሙን ጠርዝ ያረጠበው ነው የሚመስለው። ድንጋዮቹ ላይ የጥንት አየርላንዳውያን በዐለት ላይ ይቀርጹት የነበረው ጥምዝምዝ ክብ ይታያል፤ ያው ክብ በማዕበሉም፣ በአቆስጣዎቹ አካልም ይመላለሳል። ደብሊን ስንደርስ ግን መስመሩ ቀጥ ይልና ማዕዘን ይበዛል። ቤን በመኪና ሲወሰድ የመመለሻውን መንገድ በራሱ እጅ በካርታ ሲሥል ማየት ደግሞ ልብ ይነካል፤ የልጅ ሥዕል በሥዕል ውስጥ ስለሆነ አንዱ ከሌላው አይጣላም።

መጨረሻ ላይ ብሮና ትመጣለች። የምትመጣው ለመቅረት አይደለም፤ ቤንና ኮኖር ከስድስት ዓመት በኋላ ፊቷን እያዩ አልቅሰው ይሸኟታል። ብዙ የልጆች ፊልም እናትየውን መልሶ ለቤቱ ይሰጥ ነበር። ይህ ፊልም ግን ልጆችን አክብሮ እውነቱን ይነግራቸዋል።

ልጄ ዞር ብላ «እማዬ፣ አንቺስ አያቴን ስትሸኛት አልቅሰሽ ነበር?» አለችኝ።

«አልሸኘኋትም፤ አንቺ ሆዴ ውስጥ ነበርሽ» አልኳት።

ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣ አወረድኩት። ያኔ ከአገር ቤት የተላከልኝ የእናቴ ነጠላ እንደታጠፈ እዚያው ነበር፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አልነካሁትም። ጥለቱ አረንጓዴ መሆኑን እንኳ ረስቼው ኖሯል። ጥቂት ዕጣን፣ ጥቂት ቅቤ ይሸታል። አለቀስኩ፤ ልጄም አጠገቤ ተቀምጣ ዝም ብላ አየችኝ፣ ማንም «በቃ» አላለኝም። ከዚያ ነጠላውን ከእጄ ወስዳ ተከናነበችው። አሁንም እንደተከናነበችው ተኝታለች፤ ጥለቱ ከአልጋው ጠርዝ ወርዶ ወለሉን ይነካል።