ገመና አዋቂዋ መኪና

ጎንደር ውስጥ ሁለት ሰው ብቻውን የሚቀመጥበት ቦታ ብርቅ ነው። ቤት ዘመድ አይታጣበትም፤ ፒያሳ ካፌ ከገባችሁ የሚያውቃችሁ ሰው ቀድሟችሁ ተቀምጧል። መኪና ያላቸው ጥንዶች ታዲያ ወደ ጎሃ ዳገት ብቅ ብለው፣ አለዚያም አዘዞ መንገድ ዳር አቁመው ያወራሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ፤ የቀረውን እናንተ ሙሉት።

የነዳጅ አውቶሞቢል ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ እንዳይገባ ስለተከለከለ አዲስ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ማይክ አለው፣ ካሜራ አለው፣ አንዳንዱም የራሱ ሲም ካርድ አለው። ራሱን የሚነዳ መኪና ወሲብን ምን ያደርገው ይሆን የሚለው ክርክር ለእኛ ገና ነው። ዛሬ ገመና የሚያወጣው ተራው ብሉቱዝ ነው።

ባል ግቢ ውስጥ መኪናውን ያስነሳል፤ የሚስት ስልክ ወጥ ቤት ነው። ብሉቱዝ አሥር ሜትር ገደማ ስለሚደርስ መኪናው ስልኳን ይይዛል። እናቷ ደውላ ስለ ልጇ ባል ማማረር ስትጀምር ድምፁ በመኪናው ስፒከር ሊወጣ ይችላል፣ ባልየው መሪ ላይ ተቀምጦ እያለ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመኪናው ስትወርዱ የስልካችሁን ብሉቱዝ አጥፉ። ስልኩ ሲጣመርም «ኮንታክትና የጥሪ ታሪክ ልውሰድ?» ሲል እምቢ በሉት። ጥሪው ይሠራል፤ ስክሪኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከስም ይልቅ ቁጥር ብቻ ይታያል። የተጣመረውን ስታጠፉም ከስልኩ ብቻ ሳይሆን ከመኪናው ስክሪንም ሰርዙ፤ ቅጂው እዚያ ሊቀር ይችላል።

ሌላው አላርሙ ነው። ውስጥ እንቅስቃሴ የሚጠብቅ ሰንሰር ያለውን መኪና፣ ውስጥ ተቀምጣችሁ በሪሞት ከቆለፋችሁት ሌባ የገባ ይመስለዋል፤ ትንሽ ስትንቀሳቀሱ ይጮሃል። ያን ጊዜ ጎሃ ላይ የማይዞር አንገት የለም። በሩ ላይ ባለው መቆለፊያ ቁልፉት፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ አላርሙን አያስነሳም።

መሪው አካባቢ ወይም ስፖኪዮው አጠገብ ያለችው ጥቁር መስታወት የሾፌሩን ዓይን የምትከታተል ካሜራ ልትሆን ትችላለች። በኢንፍራሬድ ስለምትሠራ ጨለማ አያግዳትም። ምስሉ ከመኪናው አይወጣም ይባላል፤ ይሁንና በ2023 እ.ኤ.አ. ሮይተርስ እንደዘገበው፣ የቴስላ ሠራተኞች ከደንበኞች መኪና ካሜራ የተቀዳ ምስል እርስ በርስ ሲቀባበሉ ነበር፣ ራቁቱን ወደ መኪናው የሚሄድ ሰው ሳይቀር። በዚያው ዓመት የፋየርፎክስ ብራውዘር ባለቤት ሞዚላ 25 የመኪና ብራንዶችን መርምሮ አንዱንም አላሳለፈም። የኒሳን የግላዊነት ፖሊሲ ሊሰበሰቡ ከሚችሉ መረጃዎች መካከል የወሲብ እንቅስቃሴን ጠቅሷል! ቆማችሁ ሳለ ፕላስተር መለጠፍ ትችላላችሁ፤ ወደ ባሕር ዳር ልትነዱ ስትነሡ ግን ንቀሉት። ሲሸፈን ማስጠንቀቂያው አያቋርጥም፣ እንቅልፍ ሲጥላችሁም የሚቀሰቅስ አይኖርም።

ከሁሉ የከፋው መኪናውን ከስልክ የሚቆጣጠረው አፕ ነው። የመኪናው አካውንት በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ፦ በባል? በሻጩ? ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ሰው መኪናው የት እንደቆመ በስልኩ ያያል፣ በሩንም ይከፍታል። ቅናት ያለበት ቤት ይህ ጠብ ነው፤ ከተለያዩ በኋላ ደግሞ ክትትል ይሆናል። ፓስዎርድ መቀየር ብቻ አይበቃም። ለሌላ ስልክ የተጋሩትን ዲጂታል ቁልፎች አንድ በአንድ ሰርዙ፣ ስክሪኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መልሱ፣ መኪና ስትገዙም ሻጩ አካውንቱን ከራሱ ስም እስኪያወጣ ድረስ የመጨረሻውን ክፍያ አትጨርሱ።