ከ28 ዓመት በኋላ የተመለሱት አገረ ገዥ

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ዘንድሮ ከምኞቴ ጋር የማጫውታችሁ ስለ ቀድሞው የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ስለ ጄሪ ብራውን ነው (ቀኑንና ዓመታቱን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

ብራውን አባታቸው ቀደም ሲል ይዘውት የነበረውን ሥልጣን በ1975 ሲረከቡ ገና የ36 ዓመት ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ካህን ሊሆኑ የኢየሱሳውያን ማኅበር ገብተው ወጥተዋል፤ ከዚያ ይዘውት የወጡት ጠባይ ይመስለኛል፣ ለአገረ ገዥ የተሠራውን ሰፊ መኖሪያ ትተው በሳክራሜንቶ አንድ አፓርታማ ውስጥ ወለል ላይ ባነጠፉት ፍራሽ ይተኙ ነበር። በ1983 ከወጡ በኋላ ካልካታ ሄደው ከእናት ቴሬዛ ጋር ሠሩ፣ የኦክላንድ ከንቲባና የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆኑ፣ ከዚያም በጥር 2011፣ በ72 ዓመታቸው፣ ወደ ቀድሞው ሥልጣናቸው ተመለሱ።

የጠበቃቸውን ከባድ የበጀት ጉድለት እንዴት እንደሞሉት ብዙ ተወርቷል። እኔን የሚነካኝ ግን የእስር ቤቱ ጉዳይ ነው። በ1976 ራሳቸው የፈረሙት ሕግ፣ እስረኛው መቼ እንደሚፈታ የአመክሮ ቦርድ ይወስን የነበረበትን አሠራር በአብዛኛው አስቀርቶ የቅጣቱን ዘመን አስቀድሞ ቈረጠው። ቦርዱ አድልዎ ያደርጋል የሚል ቅሬታ ስለነበረ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን እስረኛው ተምሮና ጠባዩን አርሞ ቶሎ የመውጣት ተስፋው ጠበበ፣ ተከታዮቹ ሕግ አውጪዎችም ቅጣቱን በየጊዜው እያከበዱት ሄዱ። በ2006 የእስረኛው ቁጥር ከ170,000 አልፎ፣ በስፖርት አዳራሾች ውስጥ ሦስት ፎቅ አልጋ ተደርድሮ ሰው ይተኛ ነበር። በ2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መጨናነቁ እንዲቀነስ አዘዘ።

ብራውን ሕጉ ያላሰቡትን ጉዳት እንዳስከተለ በአደባባይ አምነው፣ በ2016 ማስተካከያውን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ፤ ከመራጩም 64 በመቶ ያህሉ ደገፈው። በትምህርትና በመልካም ጠባይ ቅጣትን ማሳጠር፣ በኃይል ወንጀል ላልተፈረደበትም አመክሮ ቀድሞ መጠየቅ ተቻለ። የገዛ ፊርማውን ውጤት በሥልጣን ላይ ሆኖ መልሶ የማየት ዕድል የሚያገኝ መሪ ጥቂት ነው፤ ዕድሉን አግኝቶ የሚጠቀምበት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው ብዬ አምናለሁ።

በፋሲካና በገና ሰሞን ይቅርታ ማድረግም ልማዳቸው ነበር፤ በእኛም አገር ለዘመን መለወጫ ታራሚዎች በይቅርታ ሲፈቱ አይተናል። በታኅሣሥ 24 ቀን 2018፣ ሥልጣን ሊለቁ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ለ143 ሰዎች ይቅርታ አድርገው የ131 እስረኞችን ቅጣት ቀነሱ። በእነዚያ ዓመታት ይቅርታ ካገኙት መካከል ቅጣታቸውን ጨርሰው ሳለ በድሮ ጥፋት ምክንያት ከአገር መባረር ያሰጋቸው ስደተኞች ነበሩ፤ አሜሪካ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ግሪን ካርድ ይዞ የቆየ ፍርድ ያለበት ሰው በምን ስጋት እንደሚኖር ታውቁታላችሁ። የተበዳይ ቤተሰቦች ሐዘንም እውነተኛ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ፊርማ ቀላል ነው አልልም።

በዚህ በዓል ሰው ታስሮባችሁ ማዕዱ የጐደለባችሁ ሁሉ፣ የምትጠብቁትን በደጃችሁ ለማየት ያብቃችሁ።